አምስተኛው ዕቃ

ራዲዮ ጠጋኙ የሞተው ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ዓይኖቹ አልተከደኑም። አንድ እጁ የዊልቸሩን ጎማ እንደጨበጠ ቀርቷል፤ ሊሸሽ የፈለገ ይመስላል። ከፊቱ የሥራ ጠረጴዛው አለ። ጠረጴዛው ላይ የቆርቆሮ ትሪ። ትሪው ላይ አምስት ዕቃ።

ያገኘችው አስታማሚዋ ናት። ጠዋት ቁርሱን አብልታ፣ ጉሮሮው ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቱቦ አጽድታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፋሻ ልትገዛ ወጣች። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተመለሰች። ሽማግሌው ድሮም ድምፅ አውጥቶ አይመልስላትም። ከዓመት በፊት ሐኪሞች ከጉሮሮው ዕጢ ሲያወጡ ድምፁንም አብረው ወስደውበታል። ግን ኮቴዋን ሲሰማ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ልማዱ ነበር። ያን ቀን አልመታም።

መርማሪው ሲደርስ ቀኝ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነበር። የመንጋጋ ጥርሱ ለሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶታል። በዚያው ጠዋት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረው፤ ስልክ ሲደወልለት መኪናውን ከመንገድ መለሰ። አሁን አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ይመላለሳል። አብራው የመጣችው ሳጅን በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ መንገዱን ለቀቀችለት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ሁሉ ሆዳቸው በተከፈተ ራዲዮኖች ተሞልቷል። መሳቢያዎቹ ተጎትተው ወጥተዋል። ሦስት ቴፖች ብሎናቸው ተፈትቶ ሳይሆን በጉልበት ተገንጥለው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ጠጋኝ እንዲህ አድርጎ ዕቃ አይከፍትም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሲፈልግ ነበር።

የፖሊስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን አየ። አክታ ዘግቶት ይሆናል አለ። አስታማሚዋ ይህን ስትሰማ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ቀጥሎ ሐኪሙ በወረንጦ ከቱቦው አፍ አንዲት ክር መዝዞ አወጣ። ከሽፋሽፍት አትበልጥም። ሰማያዊ ናት።

«የምትጠቀሚው ፋሻ ምን ዓይነት ነው?» ሲል መርማሪው ጠየቃት።

«ነጭ። ሁሌም ነጭ።»

እንግዲህ አንድ ሰው ገብቶ ቱቦውን በሰማያዊ ጨርቅ ደፍኗል። እስኪያልቅ ጠብቋል። መጮህ ለማይችል ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በሩ ቀን ቀን አይቆለፍም፤ ሽማግሌው እግሮቹ ስለደከሙ ተነስቶ መክፈት አይችልም፣ የሚያውቁት ሁሉ ገፋ አድርገው ይገባሉ። አስታማሚዋ ስትወጣም «አባባ፣ ቶሎ እመለሳለሁ፣ እንዳይሰጉ» ብላው ነበር። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

ልጁ ከማተሚያ ቤት መጣች። እዚያ አራሚ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ስትለቅም ትውላለች። ጣቶቿ ላይ ቀይ ቀለም ነበር። ራዲዮ ጠጋኙ ከእሷ ሌላ ልጅ የለውም፤ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ግንባሩን ሳመችው። አላለቀሰችም። ከዚያ ትሪውን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች።

መርማሪው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። ቃል እየጠፋባት አስረዳችው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ሐሙስ ሐሙስ ትሪ ያሰናዳላታል። ትሪው ላይ ያለው ዕቃ ራሱን ማለት አይደለም። ስሙ ሌላ ትርጉም ያለው ዕቃ ይመርጣል፤ እሷ ሌላውን ትርጉም መፍታት አለባት። አቀማመጡም ይናገራል። ከላይ ያለው ከላይ፣ ከሥር ያለው ከሥር ነው። አንድ ሐሙስ ጫማዋን ትሪው ላይ አስቀምጦ አናቱ ላይ የልብስ መርፌ አጋደመበት። ነገ ክሊኒክ ሄደሽ መርፌ ትወጊያለሽ ማለቱ ነበር። ጫማዋን ይዛ አልጋ ሥር ተደበቀች። ድምፁን ካጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀረ። ወረቀት ላይ ሊጽፈው የሚከብደውን ሁሉ በትሪው ይነግራታል።

«ታዲያ ይሄ ምን ይላል?»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። መሃል ላይ አንዲት የመጫወቻ ካርታ በጀርባዋ ተኝታለች። ከሥሯ የኮት ቁልፍ አለ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። በስተቀኝ አንድ ትልቅ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ ሥር የእርሳስ መቅረጫ። ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ተለይቶ፣ ትንሽ የማር ብልቃጥ።

ልጅቱ ካርታዋ ላይ ፈዘዘች። ፊቷ ቀስ በቀስ ደም ራቀው።

«ካርታ» አለች። «የቤቱ ካርታ።»

የቤቱ የባለቤትነት ካርታ ሁሌ የሚቀመጥበትን ሳጥን ታውቃለች። ሄዳ ከፈተችው። ባዶ ነው። ባሏ ላለፉት ሦስት ወራት አባቷን ቤቱን ይሽጡ፣ ከእኛ ጋር ይኑሩ እያለ ሲወተውት ነበር። ራዲዮ ጠጋኙ እየጻፈ አይሆንም ብሎታል፤ አንዴ ወረቀቱን ቀዶ ፊቱ ላይ በትኖበታል። ከዚያ ማሩን አየችው። ማር፣ ይቅር በይ፣ እያለኝ ነው ብላ አሰበች። ባሌን ይቅር በይ እያለኝ ነው። መቅረጫውን ከምን ጋር እንደምታገናኘው ግን አላወቀችም።

አስከሬኑ ሳይነሳ አንድ ረጅም ሽማግሌ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ «መሪው» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ አሁን የመንጃ ትምህርት ቤት አለው። ስሙን ያወጣለት ራዲዮ ጠጋኙ ነው፤ የመኪናውን መሪ ስለሚይዝ ብቻ ሳይሆን የትም ሲሄዱ ከፊት ካልሆነ ስለማይወድ። አርባ ዓመት የማይነጣጠሉ ወዳጆች ነበሩ። ዊልቸሩ አጠገብ ተንበረከከና የሟቹን እጅ ያዘ።

«አንተ ሰው፣ ምነው ቀደምከኝ?» አለ።

ከዚያ ልጅቱን አቀፋት። ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ ያዞራት ነበር፤ «አጎቴ» ነው የምትለው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። መርማሪው ጠዋት የት እንደነበረ ሲጠይቀው፣ ከማለዳ ጀምሮ ተማሪ ሳስተምር ነበር አለ።

ከሰዓት በኋላ አማቹን ጣቢያ አመጡት። ቤት ገንቢ ነው፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። መርማሪው እየተንጎራደደ ጠየቀው።

«ካርታው የት ነው?»

«የምን ካርታ?»

«የቤቱ።»

ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። «ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«ቤቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ቢሮ። ካርታውን ላሳየው። ከወሰድኩት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።» ጫማው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጣቱ ፈቀፈቀ። «ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰርቄያቸዋለሁ፣ አልክድም። በነፍሳቸው ግን አልመጣሁም። እሁድ ካርታውን መልሼ፣ አባባ ይማሩኝ ልላቸው ነበር።»

ሳጅኗ ወጥታ አጣራች። እውነቱን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ከዚያ ቢሮ አልወጣም፤ አራት ሰው አይቶታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አለ መርማሪው በሆዱ። ሰውየውን ለቀቀው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳታየው አለፈች።

ያን ቀን መቅረጫው ከመርማሪው አእምሮ አልወጣም። አራቱን ዕቃ በአንድ ፈትል ብትሰፋቸው አምስተኛው ይወጣል፤ አምስተኛውን ብትይዘው አራቱ ይበተናሉ።

አርብ ጠዋት ቢሮው ሲገባ አራሚዋ ቀድማው ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ታጠነጥናለች።

«ተሳስቻለሁ» አለችው። «ስንት ዘመን የሰው ፊደል ሳርም ኖሬ የአባቴን ቃል ማንበብ አቃተኝ።»

«የቱን?»

«ማሩን። ማር ለወንድ ነው የሚባለው። እኔን ቢሆን ማሪ ነው የሚለኝ።»

መርማሪው እርምጃውን ቀነስ አደረገ። «ጨዋታ አይደል? ትንሽ ቢዛባስ?»

«አይዛባም። በዘጠኝ ዓመቴ ወረቀትና የሳል መድኃኒት አስቀመጠልኝ። ሥዕል ሳል ማለቱ ነው። ተቆጣሁት። ሳል ለወንድ ነው፣ ለእኔ ሳዪ ነው አልኩት። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ተሸነፍኩ አለ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የማይሆን ቃል ትሪ ላይ አላስቀመጠም።»

መርማሪው ቆመ። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ጸጥ አለ።

አስታማሚዋን አስጠራት። ማሩ የት ነበር የሚቀመጠው? የኩሽናው የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጉንዳን እንዳይደርስበት። እሷ ራሷ በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምታወርደው። ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ አቅምሳው፣ ከመውጣቷ በፊት በእጇ መልሳዋለች። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው አይደርስበትም። ሳጅኗ የአሻራውን ውጤት ይዛ መጣች። ብልቃጡ ላይ የማንም ጣት የለም። የአስታማሚዋም እንኳ። በየቀኑ የሚነካካ የማር ብልቃጥ ተወልውሎ እንደ አዲስ ጠርቷል።

«አምስተኛው ዕቃ የአባትሽ አይደለም» አለ መርማሪው። «ከአስታማሚዋ መውጣት በኋላ የገባ ሰው ነው ያስቀመጠው። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው።»

«ለወንድ ነው የተናገረው» አለች። «እዚያ ክፍል የነበረው ወንድ ደግሞ አባቴ ነው።»

«አባትሽን አንተ ብሎ። አስታማሚዋ እርስዎ ነው የምትላቸው። ባልሽም ይማሩኝ ነው ያለው። አንተ የሚላቸው ማነው?»

የቦርሳዋን ማሰሪያ ለቀቀች።

«እኔ» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአራት ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርሽ። ትናንትናውኑ አጣርቻለሁ። ሌላስ?»

ልጅ ሳለች ሐሙስ ሐሙስ ትሪው ፊት የሚቀመጡት ሦስት ነበሩ። እሷ፣ አባቷ፣ እና ሁሌም የሚሸነፈው ሰውዬ። ግራ ሲገባው ትሪውን ገልብጦ የሚስቀው ሰውዬ። ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያዞራት።

«መሪው» አለች።

መርማሪው ወዲያው ሊይዘው አልሄደም። ማር ብቻውን ፍርድ ቤት አይቆምም። ወዳጅ ወዳጁን የሚገድልበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ደግሞ የቀሩት አራት ዕቃዎች ውስጥ ነው፤ እነዚያን ያስቀመጠው ራዲዮ ጠጋኙ ራሱ ነው። ሦስቱም ወደ ሟቹ ቤት ሄዱ።

ትሪው ያለ ማሩ ሲታይ ሌላ ሆነ። ልጅቱ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠች፣ አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ከፍታ። ካርታ፣ ከሥሯ ቁልፍ። ቀና አለች። በስተግራ ግድግዳው ላይ የአውቶቡስ መስመሮች የተሳሉበት አሮጌ የከተማ ካርታ ተሰቅሏል። መሪው ጡረታ ሲወጣ ለወዳጁ ያመጣለት ነው። እጇን ዘርግታ ታችኛውን ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ከጀርባው በፕላስተር የተለጠፈች ትንሽ የብረት ቁልፍ አለች።

«የልብስ ቁልፍ፣ የበር ቁልፍ» አለች ሳጅኗ ለራሷ።

«ድንጋይ» አለች ልጅቱ። «ድንጋይ የት አለ?»

ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመሩ። መርማሪው ወደ ጓሮ ወጥቶ ደጃፉን አየ፤ ተመለሰ። ጥርሱ ሲወጋው ጠረጴዛውን በእጁ ተደገፈ፤ እጁ ስር ቀዝቃዛ ነገር ተሰማው። ራዲዮ ጠጋኙ ሽቦ የሚበይድበትን ካውያ የሚያሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ጥቁር መደገፊያ ላይ ነው። ገዳዩ መሳቢያውን ሁሉ ሲበረብር ይህን አልነካውም። ሰው ማረፊያ የመሰለውን አይከፍትም። መርማሪው ድንጋዩን አነሳው። ከሥሩ ያለው መደገፊያ አልነበረም፤ ጥቁር የተቀባ ሣጥን ነው። ጎኑ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አለው።

ቁልፏ ገባች።

ውስጡ አንድ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ነበር። ሌላ ምንም።

መርማሪው ከፈተው። መጀመሪያ የሽቦ መንኮሻኮሽ፣ የወንበር መጎተት ተሰማ። ራዲዮ ጠጋኙ የሰው መቅረጫ ጠግኖ እየሞከረ ነበር፤ እንግዳው ሲመጣ አላጠፋውም። ከዚያ የመሪው ድምፅ መጣ። ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራ። ስለ ተማሪዎቹ አወራ። ረጅም ዝምታ ሆነ።

«አንተ ሰው» አለ ድምፁ። «አንተ አሁን ለማንም መናገር አትችልም። ስለዚህ ለአንተ ልንገርህ። ያን ቀን መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጁ አልነካውም። የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ነበር።»

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው። መሪው ባዶ አውቶቡስ ወደ ጋራዥ እየመለሰ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ጠጥቶ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ረዳቱ ብቻ ነው፤ መንዳት እየተማረ ያለ የሃያ ዓመት ወጣት። ፖሊስ ሲደርስ መሪው ከፊት ወንበር ተነስቶ ቆሟል። መሪውን የነጠቀኝ እሱ ነው፣ ልለማመድ ብሎ ለመነኝ አለ። አንጋፋ ሹፌር ስለሆነ ታመነ። ረዳቱ ተኝቼ ነበር ቢልም የሰማው የለም። ዘጠኝ ዓመት ታሰረ።

ልጅቱ መቅረጫውን ታቅፋ ቀረች። ያን አደጋ ታስታውሳለች። አጎቷ ለሳምንት ያህል እቤታቸው ተኝቶ፣ አባቷ በእጁ ሲያጎርሰው አይታለች። ምን ሆኖ ነው ስትል፣ ሐዘን ነው፣ ረዳቱ ጉድ ሠራው ብለዋት ነበር።

አባቷ ይህን ካወቀ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ለእሷ በቀጥታ ሊጽፍላት አልቻለም፤ ሰውዬው አጎቷ ነው። ስለዚህ ትሪውን አሰናዳ።

የመንጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስድስት መኪና ተደርድሯል። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ሙሉ የመንገድ ምልክት ነው። ሳጅኗ መኪናዎቹን አንድ በአንድ እያየች ቀረች። መርማሪው ገባ። መሪው ቁጭ በል ሲለው አልተቀመጠም። ከኪሱ የማሩን ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

መሪው ብልቃጡን አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ነግሬሃለሁ። ተማሪ ሳስተምር።»

«የመጀመሪያዋ ተማሪዎ የመጣችው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቃዎታለች።»

«ዕድሜ ነው። ሰዓት ያምታታኛል።»

«ስድስት መኪና አለዎት። በአምስቱ ላይ ሰማያዊ መወልወያ ጨርቅ አለ። የስድስተኛው የት ሄደ?»

ውጭ የምትለማመድ ተማሪ ሞተሩ ጠፍቶባት እንደገና አስነሳችው።

«ማሩን ለማን ነው ያስቀመጡት?»

መሪው ረጅም ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መሪ ሲይዙ የኖሩ እጆች ናቸው፤ ባዶ ሆነውም እንደ ጨበጡ ነው።

«ለእሱ» አለ። «ሌላ ቋንቋ አጣሁ።»

ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ተናገረ። ማክሰኞ ዕለት ወዳጁ ወረቀት ጽፎ ሰጠው። እስከ ሐሙስ ራስህ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ ድምፅህን ለልጄ እሰጣታለሁ ይላል። መሪው እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንቱን ሰው አደራ ብዬ መንዳት አስተምሬ፣ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ አለው። ራዲዮ ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። ሐሙስ ጠዋት መሪው ማዶ ቆሞ አስታማሚዋ ስትወጣ አየ። ገባ። መቅረጫውን ስጠኝ አለው። ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ «ያ ልጅስ?» ብሎ ጻፈለት። ሌላ አልጻፈም።

ሊያስፈራራው ብቻ ብሎ ጨርቁን ቱቦው ላይ እንዳደረገ ተናገረ። ለአፍታ ብቻ ነበር አለ።

«አፍታ ሰው አይገድልም» አለ መርማሪው። «ሐኪሙ ከአራት ደቂቃ በላይ ነው ይላል።»

መሪው አልተከራከረም። መሳቢያውን ሁሉ እንደበረበረ፣ ትሪው ላይ ያለው እንዳልገባው፣ ድሮም እንደማይገባው ተናገረ። ሊበትነው እጁን ዘረጋ፤ እጁ እምቢ አለው። የወዳጁ ዓይን ክፍት ነበር። ማር ኩሽና ውስጥ እንዳለ አስታወሰ። እንዴት እንደሄደ፣ እንዴት እንዳወረደው አያውቅም። ብልቃጡን ሲወለውል ግን ያውቃል፤ እሱን ያደረገው የሹፌሩ ጭንቅላት ነው።

ሳጅኗ ካቴናውን ስታወጣ ሁለቱንም እጁን አቀረበላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅቱ ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀ። መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት አለው መርማሪው። ያን ጊዜ ጎበጠ።

ቅዳሜ መርማሪው ጥርሱን አስነቅሎ፣ ጉንጩ አብጦ፣ የድምፁን ቅጂ ስልኩ ላይ ይዞ ወጣ። አራሚዋ አብራው ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ አባቴ የጀመረውን ልጨርስ ብላ ነው የመጣችው።

የድሮው ረዳት የሚኖረው አምስት በር አንድ ግቢ በሚጋራበት ቦታ ነው። እስር ቤት የተማረውን አናጢነት ይሠራል። ግቢው በር ላይ ልብስ የምታጥብ ሴትዮ ነበረች። መርማሪው አናጢውን እንደሚፈልግ ነገራት።

«ገጪውን ነው?» አለች ቀና ሳትል። በእርጥብ ጣቷ ጠቆመች። «መጨረሻ ያለው በር።»

አናጢው የቁም ሣጥን መዝጊያ እየላገ ነበር። ክንዱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተለጥፏል። ፖሊስ መሆኑን ሲያውቅ መላጊያውን አስቀመጠና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ ሳይጠየቅ፣ እንዲታዩ። ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ልጆቹ የት እንዳሉ መርማሪው ሲጠይቅ፣ እህቴ ዘንድ ሆነው ይማራሉ፣ ወደዚህ ሰፈር መምጣት አይወዱም አለችው።

መርማሪው ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ስማ ብሎ ስልኩን ወንበር ላይ አኖረው። የመሪው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ጉልበቱን። ተማሪዎቹን። ዝምታውን። ከዚያ ያን ቃል።

ሚስቲቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አናጢው አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ካለቀ በኋላም ስልኩን ያይ ነበር።

ልጅቱ አባቷ ማን እንደነበረ፣ በምን ምክንያት እንደሞተ ነገረችው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንደሚያይ መርማሪው ጨመረ። አናጢው ሁለቱንም ሰማ። ለልጅቱ ነፍስ ይማር አላት፤ ቀስ ብሎ፣ ከልቡ። የፍርድ ቤቱን ነገር ግን የሰማው አይመስልም።

«ሁሉም ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

ተነሳ። ሲልገው የነበረውን የቁም ሣጥን መዝጊያ ከበሩ አጠገብ ወደ ግድግዳ አስጠጋው። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። መስኮቱንም ከፈተ። ልብስ የምታጥበው ሴትዮ ቀና አለች። ከሌሎቹ በሮች ሁለት ሦስት ራሶች ብቅ አሉ።

«ድምፁን ከፍ አድርገህ ድገምልኝ» አለው መርማሪውን። «እዚያ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»